ዜሮ ክፍል በተሞላ ደብተር አይመዘን፦ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጆቼን በደሴ የማስተምር ወላጅ ሆኜ ነው። የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም የቅድመ አንደኛ ደረጃ ሕፃናት በእጃቸው እየነኩና እየሠሩ፣ የሚሠሩትንም ራሳቸው እየመረጡ የሚማሩበት ሰዓት በየዕለቱ እንዲመደብላቸው፣ ለዚህም ሲባል የመምህራኑ ሥራ በተሞላ ደብተር ብዛት መመዘኑ እንዲቀር ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ 2 ዓመት መድቧል። ጊዜው ተገኝቷል፤ ምን ይሠራበታል የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። በብዙ ክፍሎች የምናየው፣ ሕፃናት ተደርድረው መምህርቷ ያለችውን በኅብረት ሲደግሙ፣ ከዚያም ከሰሌዳ ሲገለብጡ ነው። ጥፋቱን በመምህራኑ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ማታ ቦርሳ ከፍተን በቀይ እስክርቢቶ የታረመ ገጽ የምንፈልገው፣ ካጣንም «ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብለን የምንቆጣው፣ በዓመቱ መጨረሻ አንደኛና ሁለተኛ ካልወጣ ቅር የሚለን እኛ ወላጆች ነን። እንዲህ በሚጠበቅበት ቦታ ሕፃናቱን ውኃ ሲቀዱና እህል ሲለቅሙ ያዋለች መምህርት ምን አሳይታ ትከራከራለች?

ክፍሎቻችን ስለተጨናነቁ አይሆንም የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ሕፃናት በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበትን ይህን ዘዴ ያስፋፋችው ጣሊያናዊት ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1899 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን በ1907) ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሃ ሠራተኞች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ስትከፍት የተቀበለችው 50 ገደማ ሕፃናትን ነበር፤ አብራቸው የምትውለው ሴትም የመምህርነት ሥልጠና አልነበራትም። ብዛት ሥራውን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ሲያሳዩ የመምህርቷ ሸክም ይቀልላል። ወሎም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርአን ቤት ቀድሞ ያወቀው ልጅ ተከታዩን ሲያስጠና ኖሯል። (ከዚያ መውረስ የሌለብን አለንጋውን ነው።)

በፊደል ላይ ጥቂት ልቆይ። 33ቱ ፊደላት እስከ ሳብዕ ሲዘልቁ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በዜማ የሸመደደ ልጅ ከመሐል አንዷን ነጥለው ሲያሳዩት፣ ከግዕዙ ጀምሮ ካልቆጠረ ብዙ ጊዜ አይደርስባትም። ቅርጾቹ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው በጣውላ ላይ ቢለጠፉና ልጁ ድምፁን እያሰማ በጣቱ ቢከተላቸው ግን፣ «ለ» በጎኗ ጭረት ስታወጣ «ሉ»፣ በእግሯ ሥር ቀለበት ስታደርግ «ሌ» እንደምትሆን በእጁ ያውቀዋል፤ ያንኑ ምልክት በ«ቡ» እና በ«ሴ» ላይ ሲያገኘው ለማንበብ አይቸገርም። እርግጥ እንደ «ሩ» ያሉ አፈንጋጮች አሉ፤ እነርሱን መምህርቷ ለብቻ ታሳያለች። እርሳስ ከመያዙ በፊትም ጣቶቹ መጠንከር አለባቸው፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ባቄላን ከሽምብራ በሁለት ጣት መለየት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለዚህ ከውጭ ዕቃ ማስመጣት አያስፈልግም። ልጆቹ በመጠን የሚደረድሯቸውን፣ ጎናቸው ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 10 ኩቦችን የከተማችን አናጢ ከቁርጥራጭ እንጨት ያወጣቸዋል፤ ለመቁጠር ገበጣና ቆርኪ፣ ትልቅና ትንሽን ለመለየት በየልኩ የተሰፉ ሙዳዮች አሉን። ያገኙትን ሁሉ ወደ አፍና አፍንጫ ለሚከቱ ትንንሾች ግን ጥራጥሬና ቆርኪ ያለ ጠባቂ አይሰጥም። ከዕቃው ይልቅ የሚቸግረው ጊዜ ነው፤ በየ30 ደቂቃው ደወል የሚያቋርጠው ልጅ የጀመረውን መጨረስ አይለምድም።

ስለዚህ መምሪያው ለዜሮ ክፍል የሚያገለግለው፣ የመምህራን ሥራ የሚመዘንበት የሱፐርቪዥን ቅጽ ልጁ ምን መርጦ እንደሠራ፣ ምን ያህል ጊዜ ሳይሰለች እንደቆየበት፣ ዕቃውን ወደ ቦታው መመለሱን እንዲመለከት፣ ጠዋት ቢያንስ 2 ሰዓት ያለ ደወል እንዲተው፣ ለሕፃናት ደረጃ ማውጣትም እንዲቀር እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ መጀመር ከከበደ፣ በመጪው መስከረም በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሞከር፤ ወላጆችም በተራ ገብተን፣ ጥግ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ሙሉ ጠዋት እንድንመለከት ይፈቀድልን።

ከአክብሮት ጋር
በደሴ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ ወላጅ