ጨዋን ዝምተኛ አታድርጊው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈተና ስትለማመጂ «ጨዋ ናት» የሚለውን «ዝምተኛ ናት» ብለሽ እንደተረጎምሽው እህትሽ ነገረችኝ። ከፋኝ። ልጄ፣ ጨዋን ዝምተኛ አታድርጊው።

ቃሉ ብዙ ተሸክሟል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ በየአውራጃው የሚሰፍር የንጉሥ ጦር ነበር። ይሄ ፈተና ላይ አይመጣብሽም። የሚመጣብሽ የቤተ ክህነቱ ነው፤ አንድ መሪጌታ «እሱ ጨዋ ነው» ካሉ አልተማረም ማለታቸው እንጂ ጠባዩን ማመስገናቸው ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ «የጨዋ ልጅ» ነው። «ጨዋ ልጅ» የልጁ የራሱ ጠባይ ነው። «የጨዋ ልጅ» ግን ወላጆቹን ይጠራል፣ አንዳንዴም ዘር ይቆጥራል፤ ድሮ ጨዋ ማለት ከባሪያ ያልተወለደ ማለትም ነበርና። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም አነጋገሩ በሽምግልናና በጋብቻ ወሬ ላይ ቀርቷል። ያቺን «የ» ከዋጥሻት ምስክሩን ያላለውን ታናግሪዋለሽ።

ስለዚህ ሰውየው ጨዋን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽረው አዳምጪ። ከባለጌ ጋር ከሆነ ነገሩ ጠባይ ነው፤ ከካህን ጋር ከሆነ ትምህርት ነው። ካልለየልሽ ገምተሽ አትለፊ፤ ዳኛውን አስፈቅደሽ «ጨዋ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ዝምተኛ ግን አትበይ! ዝም የሚለው ዝምተኛ ነው፣ የሚያፍረው ዓይናፋር፣ ቁጥቡ ጭምት። ጨዋ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ሲበደልም ይከሳል፤ ሳይሳደብ፣ ታላቁን አንቱ እያለ፣ የሰው ገመና ሳያወጣ።

እኔ ራሴ በሴት ተማሪዎቼ ካርድ ላይ ስንት ጊዜ «ጨዋ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቹ አንድም ቀን እጃቸውን አውጥተው አያውቁም ነበር። ፈርተው ይሁን፣ ሳይገባቸው ቀርቶ ይሁን፣ አልጠየቅኳቸውም። ሌሊት ሌሊት ፊታቸው ይመጣብኛል።

በርበሬው ሲደርስሽ ከላስቲኩ አውጥተሽ ጠርሙስ ውስጥ ክደኚው፤ እርጥብ ማንኪያ እንዳይነካው፣ ይሻግታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውዪልኝ፤ እኔ ምስክር እሆናለሁ፣ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።

እናትሽ