ለአንድ ጽሑፍ አንድ አድራሻ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጆች፣

ደሴ ፒያሳ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። "ጋዜጣው ላይ የወጣችውን አውጪልኝ" የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ድረ ገጻችሁን ከደንበኞቼ ጋር አብሬ አነባለሁ። ጽሑፎቻችሁ ጥሩ ናቸው። ቅሬታዬ ኢንተርኔት ላይ በሚከፈቱበት አድራሻ (ሊንክ) ላይ ነው።

ሰሞኑን አንዲት መምህርት ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የጻፋችሁትን ፈለገች። ጉግል ላይ ያው ጽሑፍ በሁለት አድራሻ መጣ። አንዱ አድራሻ "ሐይቅ" ይላል፣ ሌላው "ሀይቅ"። ለእኛ ያው አንድ ሐይቅ ነው። ለኮምፒውተር ግን ፊደሉ ከተለየ አድራሻውም ሌላ ነው። ከላይ የመጣው ገዳሙ ደሴት ላይ ነው ይላል። ከታች ያለው፣ ያረማችሁት፣ ድሮ ደሴት እንደነበረና ዛሬ ከየብስ ጋር እንደተያያዘ ይናገራል። (ሴት ስለማይገባበት እኔም የማውቀው ከዳር ነው።) መምህርቷ ያልታረመውን ይዛ ልትሄድ ነበር።

ቡና ጠርቶ ሁለት በር የሚጠቁም የለም። ጉግል ተመሳሳይ ገጾች ስላገኘ ብቻ አይቀጣም፤ አንዱን መርጦ ያወጣል። እናንተ ካልነገራችሁት እንደመሰለው ይመርጣል። መንገሪያው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት ተስማምተው ያወጡት ነው። በገጹ ኮድ ራስጌ የምትገባ አንዲት መስመር ናት፤ "ካኖኒካል" ይሏታል። የመረጣችሁትን አድራሻ ሙሉውን ትጽፉባታላችሁ። ከፌስቡክ ሲከፈቱ መጨረሻቸው ላይ የፊደልና የቁጥር ረጅም ጅራት አንጠልጥለው የሚመጡት አድራሻዎችም በእሷው ይሰበሰባሉ።

አንድ አደራ አለኝ። ባለሙያችሁ የሁሉንም ገጽ መስመር ወደ መግቢያው ገጽ እንዳያዞረው። እንዲያ ከሆነ ጽሑፎቹ ከፍለጋ ሊጠፉ ይችላሉ። ደግሞም መስመሯ ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለችም። የውስጥ ሊንኮቻችሁና ሳይትማፑም (ለጉግል የምትሰጡት የገጾቻችሁ ዝርዝር) ያንኑ አድራሻ ይጥሩ።

አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ብትጽፉትማ ለእኔ ግልግል ነበር። የአማርኛው ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲታተም የፐርሰንት መዓት ነው!

የድሮዎቹን አድራሻዎች ግን እባካችሁ ዝም ብላችሁ አታጥፏቸው። በቴሌግራም የተላላከ ስንት ሰው አለ። ወደ ተመረጠው በቋሚነት እንዲመሩ አድርጉ፤ ባለሙያዎች 301 የሚሉት ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ