የሙዚቃ ድርሰት ትምህርት ከቅኝት ይጀምር፤ ወሎም ላይ ይሰጥ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ደሴ ከተማ ውስጥ ለወጣቶች ኪቦርድና የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ አስተምራለሁ። ጎበዞቹ ተማሪዎች አንድ ደረጃ ላይ ሲደርሱ የሰው ዘፈን መጫወት ይሰለቻቸዋል። የራሳቸውን መሥራት ያምራቸዋል። «ድርሰት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የት ልማር?» ይሉኛል። እኔም አዲስ አበባ ያለውን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እጠቁማቸዋለሁ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቤተሰብ ደግሞ ለሕክምና ወይም ለምሕንድስና ቢሆን ያለ ማመንታት ይልካል፤ ለሙዚቃ ሲሆን ግን «ምን ሊበላ ነው?» ይላል።

ይህ ትምህርት እዚሁ ወሎ ቢሰጥ እላለሁ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ትምህርቱ ከየት ይጀምር የሚለው ነው።

ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚሠራባቸው የተመረጡ ድምፆች ስብስብ ነው። ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ሁለቱ የእኛው የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከሐይቅ ወደ ሰሜን ስንሄድ እናገኘዋለን። ትዝታ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ሜጀሩን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ፋ እና ሲ የሉበትም። የአውሮፓው ሐርመኒ (ድምፆችን አብሮ የማሰማት ጥበብ) ደግሞ አንድ ድምፅ እየዘለሉ በመደራረብ የተገነባ ነው። ሬ ላይ እንዲህ ያለ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ ልሥራ ያለ ተማሪ ፋ ያስፈልገዋል። ፋ ሲገባ ትዝታው ይጠፋል። አንቺሆዬ ላይ ነገሩ ይብሳል (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። የአውሮፓው ሐርመኒ የሚደገፈው ዶ እና ሶል ላይ ነው፤ እዚህ ግን ሶል ራሱ የለም። ስለዚህ ተማሪውን በመጀመሪያው ዓመት የውጭውን ሕግ ብቻ ካጠጣነው፣ በኋላ ቅኝቱን ሲነካ ሳያውቀው ያበላሸዋል።

ሌላም አለ። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይዘን ማረፊያችንን ሶል ላይ ብናደርግ አምባሰልን እናገኛለን። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የተለወጠው ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንድ ደራሲ ከትዝታ ወደ አምባሰል አድማጩ ሳያውቀው ማሸጋገር ይችላል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ስንት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል! ተማሪው ይህን ካወቀ በኋላ ማሲንቆ ተጫዋች ዘንድ ሄዶ ያዳምጥ። የተጫዋቹ ጣት የሚያርፍበት ድምፅ ከኪቦርዱ ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም ያኔ በጆሮው ይሰማዋል።

እንዴት ይማር ለሚለው መልሱ ቅርባችን አለ። እዚሁ ወሎ ያለችው ዋድላ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ የሰው ቅኔ በመስማት ብቻ አያበቃም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለውን ጉባኤ ቃና የተባለ ቅኔ ራሱ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል። እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙለታል። የተነገረውን መልሶ መንገር አያስመሰግንም፤ አዲስ ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ድርሰት ክፍል እንዲህ ቢሆን ምን አለበት? መጀመሪያ ለአንድ ማሲንቆ የሚሆን አጭር ዜማ ይጻፍ። ቀጥሎ ለክራርና ለዋሽንት። ከዚያ ለአራት ድምፅ፣ በመጨረሻም ለኦርኬስትራ። የጻፈውንም በዚያው ሳምንት ሰው ተጫውቶለት ይስማ። ዛሬ ልጆቹ የሚጽፉትን ሶፍትዌር ያጫውትላቸዋል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ሶፍትዌር አይተነፍስም። ዋሽንት ነፊ የት ጋ እንደሚተነፍስ ያላሰበ ደራሲ ወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር ዜማ ይጽፋል።

ኖታ፣ ኮንተርፖይንት (ዜማዎችን አብሮ ማስኬድ)፣ ኦርኬስትሬሽን (ሙዚቃውን ለመሣሪያዎች ማከፋፈል) ይቅር አላልኩም። በደንብ ይሰጡ። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ባለው የበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ትምህርት ቤት በኋላ ቡልጋሪያ ሄደው ፒያኖ አጥንተዋል። ሁለቱም የውጭውን በሚገባ ተምረው ቅኝቶቻችንን ለዓለም ያሰሙ ናቸው።

ስለ አስተማሪዎቹም በግልጽ ልናገር። ዲግሪ የሌላቸው አዋቂዎች በዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥ ቦታ ይኑራቸው። አዝማሪው፣ ክራር ደርዳሪው፣ ጀማ ንጉሥና ዳና በተባሉት የወሎ የእስልምና ማዕከላት ያሉ የመንዙማ አዋቂዎች፣ የቅዳሴ ተማሪዎች ተፈትነው በሚመሰክሩበት በሰለልኩላ ያሉ መምህራን ማለቴ ነው። መንዙማውም ቅዳሴውም አምልኮ ስለሆነ በባለቤቶቹ ፈቃድና በሥርዓቱ ይሁን። አዋቂዎቹ ለፌስቲቫል ቀን ተጠርተው፣ ፎቶ ተነሥተው የሚሸኙ እንግዶች አይሁኑ። ደመወዝ ይቆረጥላቸው፤ ተማሪው ሲፈተንም አብረው ይቀመጡ። ተማሪው ከእነሱ ያገኘውን ዜማ ሲጠቀም ስማቸውን ይጻፍ። «የሕዝብ ዜማ» እየተባለ ስንት ባለቤት ተረስቷል። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ያዜሙበት ጥበብ በኖታ ብቻ ተጽፎ አያልቅም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው።

ወላጆች ለሚጠይቁት የእንጀራ ጥያቄም መልስ አለ። በእኛ አገር ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው፣ ቅንብሩን ሦስተኛው ይሠራል። ድርሰት የተማረ ሰው ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ይችላል። ለፊልም፣ ለቴአትር፣ ለማስታወቂያ ይሠራል። በየትምህርት ቤቱም ያስተምራል።

ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አሉን። ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ ፒያኖ፣ ጥቂት ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት፣ ኖታ የሚያስተምሩ ሁለት ሦስት ባለሙያዎችና እነዚያ አዋቂዎች ካሉ በክረምት ኮርስ መጀመር ይቻላል። ሥርዓተ ትምህርቱን ለመቅረጽ ስብሰባ ከተጠራ እኔም ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ድርሰት በዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ አንባቢዎችም ምን እንደጠቀማችሁና ምን እንደጎደላችሁ በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልን ለሥራው ትልቅ እገዛ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሙዚቃ መምህር፣ ከደሴ