ዝረራው ብቻ አይበቃም፤ ዙሩም ይጻፍልን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

አዲስ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ብቅ ባለ ቁጥር ዜናው «ይህን ያህል ተጋጥሞ ይህን ያህሉን በዝረራ» ብሎ ያበቃል። አንድ ቁጥር ቢጨመርበት አንባቢ ብዙ ይረዳል፦ ልጁ እስካሁን ስንት ዙር ተፋልሟል?

የብሪታኒያውን ወጣት የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሞሰስ ኢታውማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ገና በ18 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ የመጀመሪያ ተጋጣሚውን በሴኮንዶች ውስጥ ጣለው። በኦገስት 2025 ሪያድ ላይ ዲሊያን ዋይትን በአንደኛው ዙር ሲያስቆም 13ኛ ድሉ ነበር፤ 11ዱ ወደ ዳኞች ነጥብ ሳይደርሱ በዝረራ ወይም በማስቆም ያለቁ ናቸው። የእጁ ፍጥነት ድንቅ ነው፤ ግራኝ መሆኑም ተጋጣሚን ያስቸግራል። ሆኖም እስከዚያ ምሽት ድረስ ከ6ኛው ዙር አልፎ አያውቅም። የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ 12 ዙር ነው።

ጀማሪ በ4 ዙር ይነሳና ወደ 6፣ 8፣ 10 ያድጋል። ዙሩ 3 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ ነው። በ4 ዙር ውድድር ጉልበት ሳይቆጥቡ መምታት ያዋጣል። በ8 ዙር ግን አያዋጣም። 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚታየው ጃቡ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዝረው ቀጥተኛ ቡጢ) ላይ ነው፤ እጁ ወደ አገጩ መመለሱን ትቶ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ቀጥሎ ሁለቱ እግሮቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ያኔ ቀላል ቡጢም ሚዛኑን ያስተዋል። ልምድ ያለው ቦክሰኛ እዚህ ላይ ተጋጣሚውን ያቅፋል፣ ክብደቱን ይጭንበታል፣ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ሁሌ በሁለተኛው ዙር የሚጨርስ ወጣት ይህን የሚማርበት ጊዜ የለውም። ስፓሪንግም (የልምምድ ፍልሚያ) አይተካውም፤ እዚያ ባለ 16 አውንስ ወፍራም ጓንትና የራስ መከላከያ አለ፣ አሰልጣኙም ሲፈልግ ያስቆመዋል። በውድድሩ ምሽት ጓንቱ 10 አውንስ ነው፤ የራስ መከላከያም የለም።

አሜሪካዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ዲዮንቴ ዋይልደር የመጀመሪያ 32 ተጋጣሚዎቹን ከ4ኛው ዙር ሳያሳልፍ በዝረራ ጨርሷል። በጃንዋሪ 2015 ከበርሜን ስቲቨርን ጋር ሲገጥም ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ዙር ሄደ፤ ያዳነው የግራ ጃቡ ነው። ጃብ ባይኖረው ኖሮ በነጥብ ማሸነፍ ባልቻለም ነበር።

የማይክ ታይሰን አያያዝ ለእኔ የተሻለ ነው። በ1985 ብቻ 15 ጊዜ ተፋለመ፤ አብዛኛው በአጭሩ አለቀ። በሜይ 1986 ግን ጄምስ ቲሊስና ሚች ግሪን እያንዳንዳቸው 10 ዙር ሙሉ ቆሙበት። ከስድስት ወር በኋላ በኖቬምበር ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። እነዚያ ሁለት የነጥብ ድሎች ለእሱ ትልቅ ትምህርት ነበሩ።

ስለዚህ ተጋጣሚውም ይገለጽልን፦ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ በዝረራ ተሸንፏል? ከመጨረሻው ውድድሩ ስንት ወር ሆነው? ድሉ በነጥብ ከሆነም ውጤቱ ይጻፍ። በ6 ዙር 60 ለ 54 ማለት ልጁ አንድም ዙር አልተነጠቀም ማለት ነው፤ 58 ለ 57 ከሆነ ግን ፍልሚያው ተቀራራቢ ነበር።

የዘወትር አንባቢያችሁ