«አረቦች» ከማለት የአገሩን ስም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

«የአረብ መሪዎች» የሚለው አጠራር በዜናዎቻችን ውስጥ ያለ ልክ ሰፍቷል። የእናንተም የውጭ ዜና ገጽ ከዚህ አላመለጠም። ሰኔ 2017 ዓ.ም. እስራኤልና ኢራን ሲታኮሱ፣ ኢራንን ከአረቦች ጋር የሚደምር ወሬ በየቦታው እሰማ ነበር።

ኢራን አረብ አይደለችም። የመንግሥት ቋንቋዋ ፋርስኛ ነው። በደቡብ ምዕራብ፣ በኩዜስታን በኩል አረብ ዜጎች አሏት፤ ግን ጥቂት ናቸው። የቱርክ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋንም የአረብ መሪ አይደሉም። ሁለቱ አገራት ያሉበት የእስልምና ትብብር ድርጅት 57 አባላት አሉት፤ ኢንዶኔዥያና ሴኔጋልም እዚያው ናቸው። 22 አባላት ያሉት የአረብ ሊግ ከዚህ የተለየ ድርጅት ነው።

ታዲያ አረብ የሚባለው ማን ነው? ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1945 ካይሮ ላይ ሲመሠረት፣ ነጻ የሆነ የአረብ አገር ሁሉ አባል መሆን እንደሚችል በቻርተሩ ጻፈ። አረብ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ግን አልጻፈም። ስለዚህ ማን ይግባ የሚለው የፖለቲካ ውሳኔ ሆኖ ቀረ። ሶማሊያ በ1974 ገባች፤ ሕዝቧ የሚናገረው ሶማሊኛ ነው። ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት በ1977 ገባች፤ ኮሞሮስ ደግሞ በ1993። አረብኛን ከፈረንሳይኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ያደረገችው ቻድ አባል አይደለችም።

መሪዎቹም ቢሆኑ በዘርም በሃይማኖትም አንድ አይደሉም። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. የአረብ መሪዎች ባግዳድ ሲሰበሰቡ ጉባኤውን የመሩት የኢራቁ ፕሬዚዳንት ጃላል ታላባኒ ኩርድ ነበሩ። የሊባኖስ ፕሬዚዳንት በልማድ ማሮናዊ ክርስቲያን ነው። የአረብ አንድነትን ሲሰብክ የኖረውን የባዝ ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ሚሼል አፍላቅም የደማስቆ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ። ሞሮኮ በ2011፣ አልጄሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. የአማዚግን (የበርበርን) ቋንቋ በሕገ መንግሥታቸው የመንግሥት ቋንቋ አድርገዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የሱዳን ነገር ነው። እዚያ «አረብ ነህ ወይስ አይደለህም?» የሚለው ጥያቄ ሰው ያስገድላል። በ2023 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ዳርፉሯ ከተማ ኤል ጄኔይና ውስጥ አረብ ያልሆኑት ማሳሊቶች በፈጥኖ ደራሹ ኃይልና አብረውት በተሰለፉ የአረብ ሚሊሻዎች ተጨፍጭፈዋል። ገዳዩም ሟቹም ሙስሊም ነው። የሚግባቡትም በአረብኛ ነው። ሱዳንን «አረብ አገር» ብለን በአንድ ቃል ስናልፋት፣ የዚያን አገር ትልቁን ቁስል እየሸፈንን ነው።

እኛንም በቀጥታ ይነካናል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ሊጉ በሕዳሴው ግድብ ጉዳይ ግብጽን የሚደግፍ ውሳኔ ሲያወጣ፣ የሊጉ አባል የሆነችው ሱዳን ስሟ እንዳይገባበት ጠየቀች። «አረቦች ተነሱብን» ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይህን ከየት ያውቃል? በእንዲህ ያለ ጊዜ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በአንድ ማቅ ጠቅልለን ማየታችን ለዲፕሎማሲያችን አይበጅም። ሊጉ ብዙ ጊዜ የሚናገረው በካይሮ ድምፅ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ አልጣላውም። ግን እሱም ቢሆን ግብጽ ብሎ በስሟ ይጥራት።

ስለ ሠራተኞቻችን ስትጽፉም እንዲሁ። ሰው በመንደር «ልጄ አረብ አገር ናት» ቢል አይፈረድበትም፤ ጋዜጣ ግን እንዲህ ሲጽፍ ያናድዳል። ቤይሩት ያለች ልጅና ሪያድ ያለች ልጅ የሚገዛቸው ሕግ አንድ አይደለም። እናት የምትፈልገው ልጇ ያለችበትን አገር ዜና ነው።

ልመናዬ ቀላል ነው። ሊጉን ስትሉ ሊጉን ጻፉ። ሳዑዲን፣ ኤምሬትስን፣ ኳታርን፣ ኩዌትን፣ ባህሬንንና ኦማንን ስትሉ የባህረ ሰላጤው አገራት በሉ። በቀረው ሁሉ የአገሩን ስም አስቀምጡ። ሊጉ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አባይ ተሰብስቦ መግለጫ ሲያወጣም፣ ማን እንደደገፈ፣ ማን ቅሬታ እንዳስመዘገበ በየአገሩ ስም ዘርዝራችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ