አባባ፣ ከአይዋ ሲቲ ለምን እንደማልወጣ

ለተከበሩ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎን እንዳባሰብዎት እታለም በስልክ ነግራኛለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው ለጠየቁኝ ነገር በስልክ አሳጥሬ መልስ መስጠት ስላልፈለግሁ ነው የምጽፍልዎት። «ዋሽንግተን የአገራችን ሰው ሞልቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ አንቺ በቆሎ መሐል ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ነበር ያሉኝ። እውነት ነው፤ ለማስቀደስ ሩቅ መንገድ እሄዳለሁ፣ ጤፍም እንደልብ አይገኝም። ከተማዋን ዙሪያዋን የከበባትም በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ብቻዬን ግን አይደለሁም፣ አባባ።

አይዋ ሲቲ በአሜሪካ አይዋ ግዛት ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው እንደ ፈረንጆቹ በ1847 ነው፤ ያኔ የግዛቱ መንግሥት መቀመጫ እዚሁ ነበር። በ1857 መንግሥቱ ወደ ዴሞይን ሲዛወር ባለ ወርቅ ጉልላቱ ሕንፃ ለዩኒቨርሲቲው ቀረለት፤ ዛሬም መሐል ከተማ ቆሟል። ነሐሴ ላይ ተማሪው ሲገባ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ግንቦት ላይ ሲወጣ ጭር ይላል። እኔ የምነግርዎት ግን ተማሪው ከሄደ በኋላም ስለሚቀረው ሰው ነው።

አራት ኪሎ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ተከራይተው ያነቡ ስለነበር ይህን ሲሰሙ ደስ ይልዎታል። በዚህ አገር የትንንሽ ከተሞች ጋዜጦች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። እዚህ ግን በ1868 የተጀመረው የተማሪዎቹ ጋዜጣ፣ ዴይሊ አይዋን፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ አቅራቢያችን ያሉ ሁለት ሳምንታዊ ጋዜጦችን ገዛ፤ አንዱ ሶሎን ኢኮኖሚስት፣ ሌላው ማውንት ቨርነን-ሊዝበን ሰን ይባላሉ። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ልጆች የትምህርት ቤት ቦርድ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ይይዛሉ። ከዋሽንግተን የሚመጣውን ወሬ ሁሉም ያወራዋል፤ የሦስት ሺህ ሰው ከተማ ግብሩ ምን ላይ እንደዋለ የሚጽፍለት ከሌለ ግን ማን ይነግረዋል? እነዚህን ልጆች ባየሁ ቁጥር አከብራቸዋለሁ።

የከተማው ምክር ቤት ማክሰኞ ማታ ይሰበሰባል። እርስዎ የእድራችን ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ እንደነበረው ነው፤ ጉዳይ ያለው ሁሉ ተነሥቶ ይናገራል። ስምዎን ይናገራሉ፣ የተሰጠችዎትን ደቂቃ ይጠቀማሉ፣ የተመረጡት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። እዚያ ጉዳዩ ሁሉ ትንሽ ይመስላል፤ የእግረኛ መንገድ፣ የቤት ኪራይ፣ የአውቶቡስ መስመር። የእኛ ኑሮ ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ የከተማው አውቶቡስ በነጻ ነው፤ ድሮ አንድ ዶላር ይከፈልበት ነበር። ጠዋት ሥራ ስሄድ በየፌርማታው ገበያ የምትሄድ እናት፣ ከሱዳንና ከኮንጎ የመጡ ሠራተኞች፣ መጽሐፍ የታቀፈ ተማሪ አብረን እንሳፈራለን፤ ሳንቲም ለመፈለግ በር ላይ የሚቆም ሰው የለም።

ሱዳን ካልኩ አይቀር፣ በ2017 ማዛሂር ሳሊህ የምትባል የሱዳን ተወላጅ ለዚህ ምክር ቤት ተመርጣለች፤ በኋላም ምክትል ከንቲባ ሆናለች። ከመመረጧ በፊት ደሞዛቸው ሳይከፈላቸው ለሚቀር ሠራተኞች የሚሟገት ማዕከል ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ነበረች። ሱዳን የአገራችን ጎረቤት ናትና የማዛሂርን ስም ስሰማ የራሴ ዘመድ የተመረጠች ያህል ይሰማኛል። እኔም አንድ ቀን ከዚያ ማይክሮፎን ፊት እቆማለሁ ብዬ አስባለሁ።

ስለ ሥራዬ ደግሞ ልንገርዎት። የምሠራበት የዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ሆስፒታል ከኪኒክ ስታዲየም ጎን ነው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ሲቆሙ ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመከር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ አለ። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ወደ ሰባ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ሆስፒታሉ ዞሮ እጁን ያውለበልባል፤ ዳኞቹም፣ የተቃራኒው ቡድን ተጫዋቾችም ሳይቀሩ። በ2017 ሆስፒታሉ ሲከፈት ነው የተጀመረው፤ ሐሳቡን ያመነጨችው አንዲት ተራ ደጋፊ ናት። ባለፈው መከር አንድ ትንሽ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የግሉኮስ መስቀያውን በአንድ እጁ ይዟል፣ ሌላኛው እጁ መርፌ ስለተሰካበት ማንሣት አልቻለም። እናቱ መስቀያውን ተቀበለችውና በዚያኛው እጁ አውለበለበ፤ ሰው ቁጭ ካለ በኋላም አላቆመም። «ሁሉም አይተውኛል?» አለኝ። አዎ አልኩት። አባባ፣ ያንን ሜዳ ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ?

ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊትም ስለ 2008ቱ ጎርፍ ሲያጫውቱኝ አይሰለቹም። ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች በውኃ ተጥለቀለቁ። የቤተ መጻሕፍቱን ምድር ቤት መጻሕፍት ግን ተማሪው፣ መምህሩ፣ የከተማው ሰው ተሰልፎ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ አወጣቸው። እሳቸውም ተሰልፈው ነበር።

አሁን ልለምንዎት። የግብዣ ደብዳቤውን አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ፓስፖርትዎ ጊዜው አልፎ ከሆነ እታለም ከወዲሁ ታሳድስልዎት። ቪዛው ከተገኘ በእነሱ በጋ ይምጡ፤ ክረምታቸው ለጉልበትዎ አይሆንም። በአውቶቡሱ ይዤዎት እዞራለሁ፣ ማክሰኞ ማታም ምክር ቤቱ ውስጥ አብረን እንቀመጣለን። እስከዚያው ግን ጉልበትዎን ሐኪም ይይልዎት፤ ቅባት ብቻ እየቀቡ አይቀመጡ። የምርመራውን ውጤት እታለም ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ እዚህ ለማውቀው ሐኪም አሳየዋለሁ።

ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ