ለአባላት፦ በየቤታችን ስለሚበስለው ስፓጌቲ

የተከበራችሁ አባላት፣

ለቀጣዩ የጋራ ማዕዳችን ስፓጌቲውን እያንዳንዳችን በቤተሰባችን ልማድ አብስለን እንድናቀርብ በተስማማነው መሠረት፣ ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ለ100 ግራም ደረቅ ስፓጌቲ 1 ሊትር ውኃና 10 ግራም ያህል ጨው የተለመደ መጠን ሲሆን፣ ከማንጠፍጠፋችሁ በፊት ከመቀቀያው ውኃ አንድ ኩባያ ማስቀረት ይገባል፤ ከፓስታው ወጥቶ በውኃው ውስጥ የሚቀረው ስታርች (የዱቄቱ አወፋሪ ክፍል) ቲማቲሙንና ዘይቱን አዋሕዶ ስጎው ፓስታው ላይ እንዲይዝ ያደርጋልና። በመቀቀያው ውኃ ላይ ዘይት ማፍሰስ ግን (እናቴም ታደርገው ነበር) ዘይቱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ እምብዛም አይጠቅምም።

ሊጡን ራሳቸው የሚያቦኩ ቤተሰቦች ለ100 ግራም ዱቄት 1 እንቁላል ጨምረው፣ በደንብ ካሹት በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። መዳመጡንና መቁረጡን ለልጆች ቢተዉላቸው፣ አንዱ ክር ወፍሮ ሌላው ቢቀጥንም፣ እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም። ስፓጌቲ ተሰብሮ ይቀቀል ወይስ እንዳለ ቀርቦ በሹካ ይጠቅለል የሚለውን የቆየ ክርክር ለማዕዱ እናቆየው።